የባሮ ማስታወሻዎች፦ የዕለት ውሎ ደብተር ወደ ግለ ታሪክ ሲሻገር

የዕለት ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ነገ ምን እንደሚያመጣ ሳያውቅ ይጽፋል። ግለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የነገሩን መጨረሻ ካየ በኋላ ነው ብዕር የሚያነሣው። ሁለቱ አንድ ሰው ቢሆኑም በመካከላቸው ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ሃምሳ ዓመት አለ። በዚያ ዘመን ውስጥ ትዝታ የወደደውን ያጎላል፣ ያሳፈረውን ይሸፍናል፣ በሁለት ቀን የሆነውን በአንድ ቀን ያውለዋል። አሮጌ ደብተር ለግለ ታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ይህን የትዝታ ሥራ የሚፈትሽበት ምስክር ስለሚሆነው ነው። ምስክር ደግሞ ይጠየቃል፤ ቃሉም ከሌላ ምስክር ቃል ጋር ይመሳከራል።

ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት የባሮን ወንዝ ያህል የሚመች ቦታ በኢትዮጵያ ጥቂት ነው። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ በጋምቤላ ከተማ በኩል ያልፋል፤ ድንበሩ ላይ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ከ1896 እስከ 1899 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የሩሲያ፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ መኮንኖች ተራ በተራ በዚህ ተፋሰስ አልፈዋል። ብዙዎቹ ደብተር ነበራቸው። ከደብተሮቹ የወጡት መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ከዕለት ማስታወሻ ወደ መጽሐፍ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ይታያል።

የሩሲያው ፈረሰኛ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ለዚህ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1896 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያም ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ ባሮ ዘለቀ። በማግሥቱ ዓመት ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የታተመው «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» የተባለው መጽሐፉ የጉዞውን ታሪክ በአጭሩ ከተረከ በኋላ ሕዝቡን፣ ንግዱን፣ ሠራዊቱንና አስተዳደሩን በየርዕሱ ይተነትናል። ቀኖቹ በርዕሶቹ ውስጥ ቀልጠዋል። ቀጥሎ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ (ቱርካና) ዘመተ። ያን ዘመቻ በ1900 (እ.ኤ.አ.) ሲያሳትም ግን በዕለት ማስታወሻ መልክ አቀረበው። በሁለተኛው መጽሐፍ አንባቢው ሠራዊቱን ተከትሎ ቀን በቀን ይጓዛል፤ ድካሙንና ረኃቡን አብሮ ይቆጥራል። ለጂኦግራፊ ጥናት የመጀመሪያው ይመቻል። ሰውየውን ለማወቅ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ደራሲው በጊዜው የፈራውንና የተሳሳተውን ከመስመሮቹ መካከል ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም።

በሰኔ 1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው የላኩት የጦር ክፍል ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ደረሰ። ከሠራዊቱ ጋር የሩሲያው ኮሎኔል ሊዮኒድ አርታሞኖቭና ሁለት ኮሳኮች፣ ከፈረንሳዩ የቦንሻን ጉዞም ፌቭርና ፖተር ነበሩ። ቆላው በሽታ ነበር፤ ሰዉ በትኩሳት ይወድቅ ነበር። የፈረንሳይን ባንዲራ በወንዙ ላይ ባለች ደሴት ለመትከል ጀልባ አልነበረም። አርታሞኖቭና ኮሳኮቹ አዞ ወዳለበት ውኃ ገብተው ዋኙ። ሌላው የፈረንሳይ ቡድን፣ የማርሻን ጉዞ፣ በሌላ አቅጣጫ በነጭ ዓባይ ዳር ያለችው ፋሾዳ የደረሰው ከዚህ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በመሆኑ ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ ቀሩ። ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየው አርታሞኖቭ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ሞተ፤ የኢትዮጵያ ጉዞ ጽሑፉ ሞስኮ ላይ በመጽሐፍ መልክ የወጣው ግን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከጉዞው ሰማንያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ ኖሮ የዚያች ቀን ውሎ በእሱ ዓይን አይታወቅም ነበር።

የማርሻን ጉዞ ራሱ ወደ ባሮ የመጣው በ1898 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ፈረንሳይ ፋሾዳን ለእንግሊዝ ከለቀቀች በኋላ፣ በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. ጉዞው ሶባትንና ባሮን ሽቅብ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። «ፌደርብ» የምትባለው ትንሽ የእንፋሎት ጀልባቸው አስቀድማ ተፈታትታ በየብስ በሰው ጉልበት የተጓዘች ነበረች። በጋው ገፍቶ የባሮ ውኃ ሲጎድል እሷንም ትተው በእግር ወደ ጎሬ ወጡ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ በኩል እስከ ጅቡቲ ዘለቁ። ከተጓዦቹ መካከል ሐኪሙ ዡል ኤሚሊ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ የጉዞ ማስታወሻ ተብሎ የቀን ቅደም ተከተል ይዞ ይሄዳል። ካፒቴን ባራትዬ ደግሞ ያንኑ ጉዞ ትዝታ ብሎ በተከታታይ ቅጾች ጻፈው፤ ከቅጾቹም የተወሰኑት ከሞተ በኋላ ነው የታተሙት። አንድ ጀልባ፣ አንድ ወንዝ፣ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ። ሐኪሙ ቀኑን ይዞ ሲሄድ፣ ካፒቴኑ ብዙ ዓመት ቆይቶ የጉዞውን ትርጉም ይፈልጋል።

ባለቤቱ ሳይደርስበት የሚቀር ደብተርም አለ። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከኦሞ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ባሮ ተፋሰስ ካቀና በኋላ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በወለጋ ምዕራብ በውጊያ ተገደለ። ከጓዶቹ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው በኋላ ተለቀቁ፤ የጉዞውን ታሪክም «ኦሞ» በሚል ርዕስ በ1899 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙት። የሟችን ሐሳብ በሟች ቦታ ሆኖ መጻፍ ግን ከባድ አደራ ነው፤ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ደብተር ሲያገኙ የሚገጥማቸውም ይኸው ነው።

ትዝታ በዘገየ ቁጥር የሚሆነውን ለማየት የኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል። የኑዌርንና የአኝዋን ሕዝብ በማጥናት የታወቀው ይህ እንግሊዛዊ ምሁር በ1940 እና 1941 (እ.ኤ.አ.) ጥቂት የአኝዋ ታጣቂዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ጣሊያኖችን ተዋግቷል። የዚያን ዘመቻ ታሪክ በአንድ የጦር መጽሔት ላይ ያወጣው በ1973 (እ.ኤ.አ.)፣ በሞተበት ዓመት ነበር። ውጊያውን፣ ረግረጉንና ሞትን ሁሉ እርግጠኛ በሆኑ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይተርካል። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ጽሑፍ መነሻ አድርጎ የመረመረው ስለዚሁ እርግጠኛነት ነው። ጊርትዝ ትክክል ነበር፤ ጽሑፉ ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በጭቃው ውስጥ ሌሊቱን ያሳለፈ ሰው እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ እንዳላደረ ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ከጎኑ የተሰለፉት የአኝዋ ተዋጊዎችም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሚሰሙት በእሱ ብዕር በኩል ብቻ ነው።

በአማርኛ የግለ ታሪክ ወግ የዕለት ደብተር ያለው ቦታ ለየት ይላል። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ መንግሥቱን ወክለው ጎሬ ላይ የነበሩት፣ ከዚያም ጎጀብ ላይ የተማረኩት የልዑል ራስ እምሩ መጽሐፍ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይባላል። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጻፉትን «ትዝታዬ ካየሁትና ከሰማሁት» ብለውታል። ዓይን፣ ጆሮና ትዝታ በርዕሱ ላይ ሳይቀር ምንጭ ሆነው ይጠቀሳሉ። ይህ የሐቀኝነት ምልክት ነው፤ ጸሐፊው ቃሉ እስከ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ይናገራል። ማስታወሻ ደብተር ያለው ጸሐፊም እንዲሁ ቢያደርግ፣ የትኛው ከደብተሩ የትኛው ከትዝታው እንደመጣ ቢናገር፣ አንባቢው ያከብረዋል።

ደብተርንና ግለ ታሪክን ለይቶ በማሳተም ረገድ የተፈራ ደጉፌ ሥራ በኢትዮጵያ ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የመሩት እኚህ ሰው በደርግ ዘመን ታስረው ነበር። የእስር ቤት የዕለት ማስታወሻቸው «ኤ ትሪፒንግ ስቶን» በሚል ርዕስ በ2003 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ሰፊው የሕይወት ታሪካቸው ደግሞ «ሚኒትስ ኦቭ አን ኢትዮጵያን ሴንቸሪ» ተብሎ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። መጀመሪያ ደብተሩ እንደ ደብተር፣ ቀጥሎ ሕይወቱ እንደ ታሪክ። እስረኛው ነገ ይፈታ ወይም ይገደል አያውቅም ነበር፤ የዕድሜ ባለጸጋው ግን ያውቃል። ሁለቱን ድምፆች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አለመደባለቃቸው ለሁለቱም ጠቅሟል። አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም ተመሳሳይ ዕድል ለአንባቢ ትቷል። በ1933 እና 1934 (እ.ኤ.አ.) በአፋር ምድር አዋሽን ተከትሎ የተጓዘበትን ታሪክ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተረከው፤ የጉዞው ደብተር ራሱ ደግሞ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ግለ ታሪክ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ቢያነብ ከብዙ ምክር ይበልጥ ይማራል።

ደብተርን ወደ ግለ ታሪክ የመለወጡ ሥራ ሲጀመር ደብተሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከመጽሐፉ ምንም ሳይጻፍ፣ ይነበባል። ጥቅስ ለመልቀም የሚያነብ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ያገኛል። በዚህ ንባብ ላይ በተለየ ወረቀት የሚያዘው የሰዎች ስም፣ የቦታ ስም፣ ቀንና ባዶ የቀሩ ሳምንታት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀኖቹ ይስተካከላሉ። በባሮ ዳር በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሦስት የዘመን አቆጣጠር አብረው ይሠሩ ነበር። የኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን 1889 ዓ.ም. ለፈረንሳዊው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1896 ሲሆን፣ አሮጌውን የጁሊያን አቆጣጠር ለሚከተለው ሩሲያዊ ግን ኦገስት 29 ቀን 1896 ነበር። የሩሲያ መኮንን ቀን ሳይመረመር ከፈረንሳዩ ጋር ቢነጻጸር የ12 ቀን ስሕተት ይፈጠራል። ዛሬም ችግሩ አልቀረም። በውጭ ድርጅት የሠራ፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረ ወይም በስደት የኖረ ሰው ደብተር ላይ አንዱ ገጽ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ከጧቱ ሦስት ይሁን የፈረንጅ ሦስት ካልተለየ ከሰዓት በኋላው ከጧቱ ይምታታል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ማመሳከር ነው፤ ጋምቤላ ላይ ወንዙ ራሱ ለዚህ ያገለግላል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ቦታውም ጋምቤላ ሆነ። ጣቢያው እስከ 1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በሱዳን መንግሥት ሥር ቆይቷል። ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎ የሚወርደው ቡና እዚህ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። መርከብ የሚደርሰው ግን ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በግለ ታሪኩ «ገና ዕለት መርከቡ መጣ» ብሎ ቢጽፍ ወንዙ ይቃወመዋል፤ በታኅሣሥ ማብቂያ የባሮ ውኃ እንዲህ ያለ መርከብ አያሳልፍም። ደብተሩ ሲገለጥ ቀኑ የደብረ ታቦር ዋዜማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዓል መሆኑን ትዝታ ይዞታል፤ የትኛው በዓል እንደሆነ ግን ለውጦታል።

ለምሳሌ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ጣቢያ የቡና ጸሐፊ የነበረ ሰው ደብተር ላይ ይህን የመሰለ መስመር አለ እንበል፦ «ነሐሴ 12። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። መርከቡ ትናንት ገባ። እስከ ማታ ስንጭን ዋልን። ለአባባ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አልላክሁትም።» ጀማሪ ጸሐፊ ይህችን መስመር እንዳለች ገልብጦ ያልፋታል፤ ወይም ደግሞ ዝናቡን፣ ጭቃውንና የተሸካሚዎቹን ጩኸት ሁለት ገጽ ሙሉ ይስልበታል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ያልፉታል። ዋናው ነገር «አልላክሁትም» የሚለው ቃል ነው። መርከብ ደጅ ላይ ቆሞ፣ የሚሄድ ሰው ሞልቶ፣ ደብዳቤው ለምን ቀረ? የዛሬው ጸሐፊ ምክንያቱን ካወቀ ይጻፈው፤ ካላወቀም ስለዚያ ወጣት ፈጥሮ ከመናገር ይቆጠብ። «ለምን እንዳልላክሁት ደብተሩ አይናገርም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ አንባቢም በዚህ አይከፋም። ያኔ በልቡ ያልነበረውን ጥበብ ለዚያ ወጣት ማልበስ ግን ውሸት ነው፤ ከግለ ታሪክ ጥፋቶች ሁሉ ይህ የከፋው ነው።

ባዶ ገጾችም ይናገራሉ። ሰው ልጁ በታመመበት፣ ከሚስቱ በተጣላበት ወይም ከተማው በተተኮሰበት ሳምንት ደብተር አይዝም። ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ትልቁ ነገር የደረሰው በዝምታው ሳምንት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው የሌላ ሰው ቃል ነው፤ የእኅት፣ የጎረቤት፣ አብሮ የሠራ ሰው። የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ሽማግሌዎች ታሪክን በቃል ሲያስተላልፉ በኖሩበት አገር ይህ ምንጭ ከወረቀት የሚያንስ አይደለም።

የሌላ ሰው ምስጢር ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደብተር ማንም አያነበውም ተብሎ ይጻፋል፤ ስለዚህ ስለ ባልንጀራ የተጻፈው ነገር መረን የለቀቀ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ስለ ዛር ሲያጠና የያዘውን ደብተር ብዙም ሳያለዝብ በ1934 (እ.ኤ.አ.) አሳተመው፤ ከጉዞው መሪ ከማርሴል ግሪዮል ጋርም ተቃቃረ። የሌሪስ መጽሐፍ ዛሬ ትልቅ ሥራ ተብሎ ይነበባል። በቤታቸው ተቀብለው ያስተናገዱት የጎንደር ሰዎች ግን የግል ኑሯቸው መጽሐፍ ላይ ሲወጣ ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም። የሚያስተምረው ይህ ሁለተኛው ነው። ስም መለወጥ፣ ከማሳተም በፊት ለባለጉዳዩ ወይም ለቤተሰቡ ማንበብ፣ የማይጠቅመውን መተው፣ ሦስቱም ክብር አላቸው።

በባሮ ዳር ለሚጻፍ ግለ ታሪክ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በድሮ ደብተሮች ውስጥ፣ የውጭ አገር ሰውም ይያዛቸው የደጋው ሰው፣ የአካባቢውን ሕዝብ ዝቅ አድርገው የሚጠሩ ቃላት ሞልተዋል። አኝዋዎች ራሳቸውን በማይጠሩበት ስም «ያምቦ» ተብለው ሲጻፉ ኖረዋል፤ ከዚህ የባሱም አሉ። እነዚህን በጸጥታ ፍቆ በጨዋ ቃል መተካት ለጸሐፊው ይመቸዋል፣ ታሪኩን ግን ይዋሻል። ሳይነኩ ማስቀመጥም ስድቡን መድገም ይሆናል። የተሻለው መንገድ በትረካው ውስጥ ሕዝቡን በራሱ ስም መጥራት፣ ከደብተሩ ሲጠቀስ ደግሞ የያኔውን አስተሳሰብ ሳይሸፍኑ በግልጽ መኮነን ነው። በሃያ ዓመቱ እንዲያ ያስብ የነበረ ሰው በስድሳ ዓመቱ ምን እንዳስተማረው ሲጽፍ መጽሐፉ ዋጋ ያገኛል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደብተሩ ሲኖር ነው። የጋምቤላ አየር ለወረቀት ጠላት ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ በክረምት እርጥበቱ አያባራም፣ ምስጥ አለ፣ ባሮም ሲሞላ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። በመሬት ላይ ወይም ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተቀመጠ ካርቶን ለምስጥ የተዘጋጀ ምግብ ነው። ደብተር ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ሣጥን፣ ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። የራሰ ደብተር ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ በጥላ ሥር፣ በገጾቹ መካከል ንጹሕ ወረቀት እየገባ ይደርቃል። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍም፤ ሙጫው ጊዜ ሲቆይ ወረቀቱን ያበላሸዋል። በእጅ ስልክ ፎቶ ሲነሣ ሽፋኑና ባዶ ገጾቹ ሳይቀሩ በተራ ይነሣሉ፤ ቅጂውም ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል። በቤት መያዝ ያልቻለ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ወይም የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን መጠየቅ ይችላል።

ስለ ባሮ በስፋት የታተመው ማስታወሻ እስካሁን ባብዛኛው የመንገደኛ ማስታወሻ ነው፤ መጥቶ፣ ዓይቶ፣ ጽፎ የሄደ ሰው። በወንዙ ዳር የኖሩት ግን ሌሎች ናቸው። በጋምቤላና በኢታንግ ያስተማሩ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች፣ በኢታንግ መጠለያ ያደጉ የደቡብ ሱዳን ልጆች፣ በቤተ ክርስቲያን በአኝዋና በኑዌር ቋንቋ መጻፍ የተማሩ ሰዎች በየቤታቸው ያስቀመጡት ደብተር ይኖራል። እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ሰው ሣጥኑን ዛሬ ይክፈት፣ በየገጹ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ያስፍር፣ የማይነበበውን መስመር የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ይጠይቅ፣ ከዚያም መጻፍ ይጀምር።